«ጄሶ አለበት» ሲባል፦ ቃል ካሳ የሚያስከፍለው መቼ ነው?

[መግቢያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ዝቅ ይላል]

የዛሬው የሕግ ትምህርት ዝግጅታችን በአፋችን ስለምንናገረውና ስልካችን ላይ ስለምንጽፈው ነገር ነው። ዋናው ጨዋታችን ስለ ወንጀል አይደለም። ፖሊስ ሳይመጣ፣ እስር ሳይኖር፣ አንዱ ሰው ሌላውን «ስሜን አጥፍተሃልና ካሰኝ» ብሎ ዳኛ ፊት ስለሚያቆምበት ጉዳይ ነው።

በምሳሌ ልጀምር። ከሐዋሳው ታቦር ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ሰፈር የሚኖሩ እናት አሉ እንበል። እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎችና ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ጠዋት በ12 ሰዓት ባጃጅ በራቸው ላይ ይቆማል፣ እንጀራው ይጫናል፣ ተረካቢው ደብተር ላይ ይፈርማል። አንድ ማታ የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የድምፅ መልእክት ይገባል፤ 20 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። «ጎረቤቶች፣ የወይዘሮ እከሊት እንጀራ ጄሶ አለበት፤ ልጆቻችሁን ጠብቁ» ይላል። በማግሥቱ ሁለት ሆቴሎች «ለጊዜው ይቆይልን» ብለው ይደውላሉ። በሦስተኛው ቀን ባጃጁ ግማሽ ጭነት ይዞ ይሄዳል።

ታሪኩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ነገሩ ግን ከእውነታው የራቀ አይደለም። በእንጀራ ውስጥ ጄሶ ተገኘ የሚል ዜና በአገራችን ደጋግመን ሰምተናል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ ሰው ቶሎ ያምናል። ጥያቄው ይህ ነው፦ መልእክቱን የላከው ጎረቤት በፍትሐ ብሔር ይጠየቃል ወይ?

የምንመለከተው ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሐዋሳ በከተማነት የተቆረቆረችውም በዚያው ዘመን አካባቢ በመሆኑ ከተማችንና ሕጉ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ከቁጥር 2044 እስከ 2049 ያሉት አንቀጾች ስም ማጥፋትን ይመለከታሉ። ቁጥር 2044 በቀላል አማርኛ ሲነገር እንዲህ ነው፦ በንግግርም ይሁን በጽሑፍ ወይም በሌላ በማናቸውም መንገድ፣ በሕይወት ያለን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሳቂያ እንዲሆን በማድረግ አመኔታውን፣ መልካም ስሙን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የጣለ ሰው ጥፋተኛ ነው።

«በንግግርም ይሁን በጽሑፍ» የሚለውን ልብ በሉ። በእንግሊዝ አገር የቆየው ሕግ በአፍ የተነገረውንና በጽሑፍ የሰፈረውን ለያይቶ፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ደንብ አበጅቶ ነው የኖረው። የእኛ ሕግ እዚያ ጣጣ ውስጥ አልገባም። ቡና ላይ የተወራው፣ እድር ስብሰባ ላይ የተነገረው፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው፣ በቴሌግራም የተላከው፣ ሁሉም በአንድ አንቀጽ ነው የሚታየው። በ1952 ቴሌግራም ሲባል ቢሮ ሄዶ የሚላከው መልእክት ነበር፤ ሆኖም «በሌላ በማናቸውም መንገድ» የሚለው ሐረግ የዛሬውንም ቴሌግራም ያለ ችግር ይሸፍነዋል።

ወደ ጎረቤታችን እንመለስ። ፍርድ ቤት ሲቆም መጀመሪያ የሚለው ምን ይመስላችኋል? «እኔ እኮ ልጎዳቸው አስቤ አይደለም፤ ለሰፈሩ ልጆች አስቤ ነው።» ይህ መከላከያ ብዙም አያራምደውም። ቁጥር 2045 ስም ማጥፋት ተፈጸመ ለማለት የመጉዳት ሐሳብ መኖር የግድ አይደለም ይላል። የተናገርከው ነገር ሰውየውን የሚያስጠላና ስሙን የሚያጎድፍ ከሆነ ልብህ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን ነፃ አያወጣህም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የስም ማጥፋት ክስ በክፉ ሰው ላይ ብቻ የሚመጣ ነገር አድርገን እናየዋለንና።

ሁለተኛው መልስ፣ «እኔ አላመነጨሁትም፤ ሲባል ሰምቼ ነው» የሚለው ነው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል በአገራችን፤ ይኸኛው ሰውዬ መላ ሳይጨምር እንዳለ አስተላለፈው። ሕጉ ከዘረዘራቸው መከላከያዎች ውስጥ ግን «ሰምቼ ነው» የሚል የለም። የተባለውን ደግመህ ስትናገር የአንተ ንግግር ይሆናል። ፎርዋርድ ማድረግም ከዚህ የሚያመልጥበትን መንገድ እኔ አላየሁም።

ሦስተኛው፣ «ስም አልጠራሁም» ነው። ይህን ቅኔ ወዳዱ ሕዝባችን አዘውትሮ ይጠቀምበታል። «ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለችው፣ ለሆቴል እንጀራ የምታስረክበው፣ ቀይዋ» ብሎ ስሙን ብቻ ይዘለዋል። ግሩፑ ውስጥ ያሉት 200 ሰዎች ማን እንደተባለች ካወቁ ስሟ ቢቀር ምን ፋይዳ አለው? አድማጩ ሰውየውን ከለየው ጉዳቱም ሰውየውን አግኝቶታል።

እንግዲህ ጎረቤታችንን በእርግጥ ሊያድነው የሚችለው መንገድ የትኛው ነው? እውነት ነው። ቁጥር 2047 የተነገረው ነገር ተለይቶ የሚታወቅ ፍሬ ነገር ከሆነና እውነትነቱ ከተረጋገጠ ስም ማጥፋት የለም ይላል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። እውነት መሆኑን የማስረዳት ሸክም በተናጋሪው ትከሻ ላይ ነው። ጎረቤቱ እንጀራውን ለምርመራ ሰጥቶ ጄሶ ስለመኖሩ የላቦራቶሪ ውጤት ካመጣ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ክሳቸው ውድቅ ይሆናል፤ ተከትሎ የሚመጣባቸውም ሌላ ጣጣ ይኖራል። «ሁሉም ሰው ያውቃል» ካለ ግን ምንም አላስረዳም። ይህ የእውነት ነገር ለሲዳማ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ ከሁሉ በፊት የሚፈልጉት ሃላሌን ነው፤ እውነቱን ማለት ነው። ባለጉዳዩም፣ ምስክሩም፣ አስታራቂውም የሚለካው በእርሱ ነው።

እውነትም ቢሆን ታዲያ አንድ ቀዳዳ አለው። የተነገረው እውነት ሆኖ ተናጋሪው የተናገረው ሰውየውን ለመጉዳት ብቻ ከሆነ፣ ይኸው ቁጥር 2047 ተጠያቂ ያደርገዋል። ይህን በሌላ ምሳሌ ላስረዳ፣ ምክንያቱም በሰፈር ሕይወት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ነገር ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ከ15 ዓመት በፊት በስርቆት ተፈርዶበት ታስሮ ወጥቷል እንበል። ከዚያ ወዲህ ሠርቶ አዳሪ ነው፤ ማንም ክፉ አይቶበት አያውቅም። ሽማግሌ ልኮ ልጅ ሊያገባ ነው። አንድ የድሮ ጠበኛው ሠርጉ ላይ ተነሥቶ፣ «ይሄ እኮ ሌባ ነበር፤ ታስሮ የወጣ ነው» ብሎ በማይክሮፎን ይናገራል። ነገሩ እውነት ነው። የተነገረው ግን ለማን ጥቅም ነው? አሁን ደግሞ የልጅቷ አባት አስቀድመው ወደ አንድ ወዳጃቸው ሄደው፣ «ልጁን ታውቀዋለህ ወይ? እውነቱን ንገረኝ» ቢሉትና ያው ወዳጅ ያንኑ ታሪክ ቢነግራቸው፣ ቃሉ አንድ ሆኖ ነገሩ ሌላ ነው። የሁለተኛው ሰው ዓላማ ቤተሰቡን ማሳወቅ ነው፤ ሕጉ «ለመጉዳት ብቻ» ያለውን አያሟላም። የዳኛው ሥራ እንዲህ ዓላማን መለየት ሲሆን ይከብዳል፤ ለዚህም ነው ምስክሮች «በምን አኳኋን፣ የት፣ ለማን ተናገረ?» ተብለው የሚጠየቁት።

አስተያየት መስጠትስ? «የእሳቸው እንጀራ አይጥመኝም፣ ይኮመጥጣል» ማለት አስተያየት ነው፤ ማንም በዚህ አይከሰስም። «ጄሶ ይቀላቅላሉ» ግን በምርመራ ሊረጋገጥ ወይም ሊፈርስ የሚችል ፍሬ ነገር ነው። ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ ላይ ደግሞ ሕጉ ከዚህም በላይ ክንፉን ዘርግቶልናል። ቁጥር 2046 በሕዝብ ጉዳይ ላይ የተሰጠ አስተያየት አንድን ሰው የሚያስጠላ ቢሆንም እንኳ ስም ማጥፋት አይሆንም ይላል፤ ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን በእርግጠኝነት እያወቀ ካልተናገረው በቀር። ስለ መንገድ ሥራው፣ ስለ ውኃ መቋረጡ፣ ስለ ቀበሌው አሠራር፣ ስለ ሹሙ ብቃት ተናገሩ፤ ሕጉ አፋችሁን አልዘጋም። አሜሪካኖች በጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ኒውዮርክ ታይምስ ከሰሊቫን በተባለው ዝነኛ ክርክር፣ አንድ ባለሥልጣን ስሜ ጠፋ ብሎ ለማሸነፍ ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ከቁብ ሳይቆጥር መናገሩን ማስረዳት አለበት ብለው የወሰኑት በ1956 ዓ.ም. ነው። የእኛ ቁጥር 2046 ከዚያ በአራት ዓመት ይቀድማል። በፍርድ ቤቶቻችንና በአደባባዮቻችን የሚገባውን ያህል ሲጠቀስ አለመስማቴ ሁልጊዜ ያስቆጨኛል።

በምክር ቤት ክርክር ወይም በፍርድ ቤት ሂደት የተነገረ ቃልም በቁጥር 2048 ከለላ አለው። ጠበቃችሁ በክሱ ላይ ስለ ባላጋራችሁ የጻፈው በስም ማጥፋት አያስከስሰውም። በሐሰት የመሰከረ ግን በወንጀል የሚጠየቅበት ሌላ ሕግ እንዳለ አትርሱ።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ካሳው እንግባ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ነውና።

ቁጥር 2109 የሕሊና ጉዳት ካሳ የሚያሰጡ የስም ማጥፋት ዓይነቶችን ይዘረዝራል። ሰውየውን ወንጀል ሠርቷል ማለት፣ በሙያው ብቃት ወይም ሐቀኝነት የለውም ማለት፣ ነጋዴ ከሆነ ዕዳውን መክፈል አቅቶታል ማለት፣ ተላላፊ በሽታ አለበት ማለት፣ ምግባረ ብልሹ ነው ማለት። የጄሶው መልእክት ቢያንስ ሁለቱን ይነካል፤ ወንጀልንና የሙያ ሐቀኝነትን። ካሳውን ተበዳዩ ራሱ ሊቀበለው ወይም ለሚመርጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት እንዲሰጥለት ሊጠይቅ ይችላል።

ስንት ነው ካሳው? ቁጥር 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳ በማናቸውም ሁኔታ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። አዎ፣ አንድ ሺህ። ሕጉ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ነበርና 1,000 ብር ማለት 400 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የሚያስከብር ገንዘብ ነው። ዛሬ ግን ለእንጀራ ጋጋሪዋ የአንድ ቀን ጤፍ አይገዛም። ከዚህ ጋር ያነጻጸርኩት ሌላ ሕግ አለ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሞራል ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ አድርጓል። ዘፈኑ የተሰረቀበት አቀንቃኝ መነሻው መቶ ሺህ ነው፤ ስሟ የተሰረቀባት እናት ጣሪያዋ አንድ ሺህ። ይህ ሚዛን ተዛብቷል ብል ከሕግ ባለሙያዎች የሚቃወመኝ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ለዚህም ይመስለኛል ሰው ስሙ ሲጠፋ ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት ሳይሆን ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚሮጠው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቁጥር 613 ስም ማጥፋትን ያስቀጣል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁም በስልክና በኮምፒውተር የሚሰራጨውን ይነካል። ወንጀሉ ግን የራሱ ጦስ አለው። ነሐሴ 2000 ዓ.ም. የሪፖርተር ጋዜጣ ባለቤትና ዋና አዘጋጅ አቶ አማረ አረጋዊ፣ ጋዜጣው ስለ ዳሸን ቢራ ፋብሪካ የሠራተኞች ቅሬታ ባወጣው ዘገባ ሳቢያ ከአዲስ አበባ ጎንደር ድረስ ተወስደው ታስረው ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ በዋስ ተፈቱ። አንድ ጽሑፍ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመመርመር ሰውን አገር አቋርጦ ወስዶ ማሰር ምን ይረዳል? በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንዲሆን አደረገ። ደግ ሥራ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 590/2000ም በመገናኛ ብዙኃን ለሚደርስ የሕሊና ጉዳት ካሳውን እስከ 100,000 ብር ከፍ አድርጎት ነበር። ጋዜጣና ሬዲዮ ላይ የተነገረው እንዲህ ሲሆን፣ በሰፈር ግሩፕ የተላከው ግን በዚያው በ1,000 ብሩ ጣሪያ ሥር ቀርቷል። ግሩፑ ውስጥ ያለው ሰው ብዛት ከአንዳንድ ጋዜጣ አንባቢ በልጦ ሲገኝ ነገሩ ያስቃል።

እንግዲህ እንጀራ ጋጋሪዋ ምን ያድርጉ? ሁለት ነገር እመክራቸዋለሁ።

አንደኛው፣ የ1,000 ብሩ ጣሪያ የሕሊና ጉዳት ጣሪያ ብቻ ነው። በገቢያቸው ላይ የደረሰውን ጉዳት አይመለከትም። የቁሳዊ ጉዳት ካሳ የደረሰውን ጉዳት ያህል ነው፤ ጣሪያ የለውም። ያ ተረካቢው በየጠዋቱ የሚፈርምበት ባለ መቶ ገጽ ደብተር እዚህ ላይ ወርቅ ነው። ከመልእክቱ በፊት በቀን 80 እንጀራ ይሸጡ ነበር፣ ከዚያ በኋላ 30 ሆነ እንበል። በቀን 50 እንጀራ ቀረባቸው። ጤፉ፣ መብራቱ፣ ማገዶው፣ የረዳታቸው ደመወዝ ተቀንሶ በአንድ እንጀራ 4 ብር ያተርፉ ከነበረ፣ በቀን 200 ብር፣ በሁለት ወር 12,000 ብር ማለት ነው። ዳኛው የሚያየው ትርፉን እንጂ ሽያጩን አይደለም፤ ጠቅላላ ሽያጭ ጠርቶ የተጋነነ ካሳ የጠየቀ ከሳሽ ይሳቅበታል። የሆቴሉ ሰው «የተውነው በዚያ ድምፅ መልእክት ምክንያት ነው» ብሎ ቢመሰክርላቸው ነገሩ ሙሉ ይሆናል። ምስክሩ ከሌለ ተከሳሹ፣ «ሆቴሉ ገበያ ቀዝቅዞበት ነው የተወው» ሊል ይችላል። የአንድን ሸቀጥ ስም ወይም የንግድ ድርጅትን አመኔታ በሐሰት ማበላሸት በራሱ ጥፋት የሚሆንበት ቁጥር 2057ም አለ፤ በክሱ ላይ አብሮ ቢጠቀስ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ምክሬ ከገንዘቡ ይልቅ ለእኔ የሚበልጥብኝ ነው። ቁጥር 2120 ፍርድ ቤቱ በስም ላይ የደረሰውን ጉዳት ለማስወገድ የሚረዳ ማስታወቂያ በተከሳሹ ወጪ እንዲነገር ሊያዝዝ ይችላል ይላል። ብዙ የክስ ማመልከቻ «ካሳ ይከፈለኝ» ብሎ ጽፎ ይህን ይዘለዋል። እኔ ብሆን ከሳሿ «ተከሳሹ በዚያው ግሩፕ፣ በራሱ ድምፅ፣ የተናገርኩት ሐሰት ነው ብሎ እንዲልክ ይታዘዝልኝ» ብለው በግልጽ እንዲጠይቁ እመክር ነበር። ሆቴሎቹን የሚመልሰው ያ ነው። ዳኛ ያልተጠየቀውን አይፈርድም።

ለጋዜጦች ሕጉ አንድ መውጫ በር አበጅቷል፤ በቁጥር 2049። ጽሑፉ ሲወጣ የመጉዳት ሐሳብም ከባድ ቸልተኝነትም ካልነበረ፣ ተበዳዩ ሲጠይቅ አዘጋጁ ወዲያው በይፋ ካስተባበለና ይቅርታ ከጠየቀ ከኃላፊነት ይድናል። ካልሆነ ግን በቁጥር 2135 መሠረት ጸሐፊው ብቻ ሳይሆን የጋዜጣው ዋና አዘጋጅም አብሮ ይጠየቃል። እኛም በቀጥታ ሥርጭት ስልካችሁን ስንቀበል አንዳንዴ መስመሩ የሚቋረጠው ኔትወርክ ጠፍቶ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ሽምግልናስ? በጣም ደግ ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ አብዛኛው ስም ማጥፋት በሽማግሌ የሚያልቅ ነውና። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሽማግሌ ፊት ተጨባብጦ ይቅር መባባል ደስ ይላል፤ መልእክቱ ግን ግሩፑ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። በሽማግሌ ስትታረቁ ማስተባበያው የት፣ መቼ፣ በማን አፍ እንደሚነገር አስወስኑ። ግሩፑን ያቋቋመው ሰውም የድሮውን መልእክት እንዲያጠፋ ይጠየቅ፤ ከመጥፋቱ በፊት ግን ማስረጃው ይያዝ።

ስለ ማስረጃ ካነሣን፣ የድምፅ መልእክቱን በስልካችሁ አስቀምጡት፣ ስክሪንሹት ስታነሱ የላኪው ስምና ቀኑ እንዲታይ አድርጉ፣ የሰሙትን ሰዎች ስም መዝግቡ። ማስረጃችሁና የምስክሮቻችሁ ዝርዝር ከክሱ ጋር አብሮ ነው የሚቀርበው፤ በኋላ «ረሳሁት» ማለት ይከብዳል። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍላችሁ ሰው ቃሉን በራሱ አማርኛ እንዳያሳምርላችሁ። «ክብሬን የሚነካ ንግግር ተናግሯል» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ተከሳሹ የተናገረው እያንዳንዱ ቃል፣ እንደተነገረው፣ ክሱ ላይ ይስፈር።

ጊዜውንም አትርሱ። በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ያው ረዘም ያለው ጊዜ ይሠራል። በሽምግልና ብዙ ቀጠሮ እየተሰጠ ሁለት ዓመቱ እንዳያልፍባችሁ ቀኑን ከመጀመሪያው መዝግባችሁ ያዙ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ቤት ኪራይ ውል እንነጋገራለን። ደህና ሁኑ።

[መውጫ ሙዚቃ]